«ማድ ቤቴ ውስጥ የበይ ተመልካች ሆንኩ»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ10 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ አከርካሪዬ ተጎዳ። ነፍሴ ተርፋለች፣ ተመስገን። ከወገቤ በታች ግን አይታዘዘኝም፣ ስሜትም የለውም። ከዚያ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው።

ድሮ ሙያዬ የተመሰገነ ነበር። ሰፈር ውስጥ ድግስ ሲኖር ድልህ የምቀምመው፣ የጠላውን ጌሾ የምመጥነው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ማድ ቤታችን ግቢው ውስጥ ለብቻው ስለሆነ ደፉን ለማለፍ እንኳ ሰው ማንሳት አለበት። ገብቼም ቢሆን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ደረቴ ላይ ይደርሳል፤ የከሰል ምድጃው ደግሞ ከእግሬ ሥር ነው።

አማቴ ከተጎዳሁ ጀምሮ ከቢቸና መጥተው አብረውን አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ባይኖሩ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ነገር ግን ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ቢላ ሳነሳ «እግዜር አስቀምጦሽ የለ፣ አርፈሽ ተቀመጪ ልጄ» ብለው ከእጄ ይወስዱታል። ባለቤቴ ልብስ ያጥባል፤ የሚያጥበው ግን ማታ፣ በሩን ዘግቶ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ልጄ ናት። ረቡዕና ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች። ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ረቡዕ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌም ያልፋታል።

ነሐሴ ላይ ማንም ሳይኖር ዋናው ቤት ውስጥ ሽሮ ሠርቼ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ምንም አልተሰማኝም። ማታ ልብሴን ስቀይር ጭኔ ላይ ውኃ ቋጥሮ አየሁት። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሳት አጠገብ እንዳላይሽ» ብሎኛል። አልፈርድበትም፣ በጣም ደንግጦ ነበር።

አሁን የጻፍኩልዎ በአንድ ምክንያት ነው። የጽዮን ማርያም ማኅበር አለን፤ 12 ሴቶች ነን። ኅዳር 21 የእኔ ተራ ነው። ባለፈው ዓመት ሳይጠይቁኝ ዘለሉኝ። ዘንድሮ ደግሞ ባለቤቴና አማቴ «አሳልፊው፣ ሰው ችግርሽን ይረዳል» ይሉኛል። ልተወው? ሠራተኛ ቀጥረን ሁሉንም ነገር እጄን አውጥቼ ልረፍ? በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በየጊዜው የምቆመው «ሳይጠይቁኝ ዘለሉኝ» ያልሽው ላይ ነው። በእኛ አገር ጽዋ የሚዘለው የሞተ ወይ አገር የለቀቀ ሰው ነው። አንቺ እዚያው ሰፈር ተቀምጠሽ ተራሽ ወደ ሌላ ቤት ሲያልፍ ማየት እንዴት እንደሚያም ለማስረዳት አልሞክርም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የማኅበር እህቶችሽ ያዘኑልሽ መስሏቸው እንዳደረጉት እገምታለሁ። ቢሆንም ሊጠይቁሽ ይገባ ነበር።

ስለ ሥራው ከማውራታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ከቀረብሽ የቤት ሥራ ውስጥ በእውነት የናፈቀሽ የቱ ነው? ድልሁን ቀምሰሽ «ትንሽ ኮረሪማ ይጨመር» ማለት ነው? ቡና አፍልተሽ ሰው መጥራት ነው? ወይስ ልጆችሽ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ምሳቸውን በእጅሽ መስጠት? ደግሞስ ቀረልኝ የምትዪው ሥራ የለም? ውኃ መሸከም ናፈቀኝ የምትል ሴት እስካሁን አላገኘሁም። ይህን የምጠይቅሽ ቤቱን እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ልያዘው ብለሽ ብትነሺ ትከሻሽ ቶሎ እንደሚደክምና ከነሐሴው የባሰ ተስፋ መቁረጥ እንዳይመጣ ስለምፈራ ነው። የናፈቀሽን ሁለትና ሦስት ሥራ ምረጪ። ከነሱ እንጀምር።

ስለ ቃጠሎው በመጀመሪያ እናውራ፤ ይህ የሚዘገይ አይደለም። ቁስሉ ደህና ድኗል? ስሜት የሌለው ቆዳ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ሲያመረቅዝም ሰውዬው አይታወቀውም። ገና ክፍት ከሆነ ወይም ዙሪያው ከቀላ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከእንግዲህ ደግሞ ትኩስ ነገር ጭንሽ ላይ አይቀመጥ፤ ሻይም ቢሆን፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስትም ቢሆን። ፎጣው ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም፤ የሚነግርሽ ሕመም ስለሌለ ደግሞ ያው ቃጠሎ ነው። ቀዝቃዛውን ግን መሸከም ትችያለሽ። አናጺ ዘንድ ጠርዙ በአራቱም በኩል አራት ጣት ከፍ ያለ ቀላል የእንጨት ገበታ አሠሪና ጭንሽ ላይ አድርጊው፤ ሽንኩርቱ፣ ሳህኑ፣ የበርበሬው ዕቃ ሳይንሸራተት አብሮሽ ይሄዳል። ትኩሱን ድስት የሚያሻግር ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሁን፤ ሰው ከሌለ ድስቱ በበሰለበት ይቆይ፣ አንቺ ሳህንሽን ይዘሽ ወደሱ ሂጂ።

ባለቤትሽ «እሳት አጠገብ እንዳላይሽ» ያለው ከፍርሃት ነው፤ አንቺም ይህን ጽፈሽዋል። ስለዚህ ክልከላውን በክርክር ለማስነሣት አትልፊ። ፍርሃቱን የሚያነሣለት ይህን የመሰለ ደንብ ነው። «ትኩስ ነገር ጭኔ ላይ አላስቀምጥም፣ ሽርጤ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ወፍራም ይሁን፣ እሳቱ ላይ ስሆን አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑር» ብለሽ ከራስሽ አፍ ቢሰማው እሱም ይረጋጋል።

አሁን ወደ ምጣዱ። ምጣዱ ደረቴ ላይ፣ ምድጃው ከእግሬ ሥር ስትዪ የማድ ቤታችንን ችግር በአንድ መስመር አስቀምጠሽዋል። ቤታችን የሚያውቀው ሁለት ቁመት ብቻ ነው። አንዱ ዱካ ላይ የተቀመጠች ሴት ቁመት ነው፤ ጉልቻው፣ ቡሃቃው፣ ረከቦቱ፣ ማንደጃው ሁሉ በሷ ልክ ናቸው። ሌላው የቆመች ሴት ቁመት ነው፤ ባለ እግሩ ምጣድና መደርደሪያው በሷ ልክ ተሠርተዋል። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው መሀላቸው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በዚያ ቁመት የተቀመጠ ዕቃ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የለም። ሙያሽ አልጠፋም ማለቴ በዚህ ነው። ድሮም ቢሆን የእኛ እናቶች አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩት ተቀምጠው ነው። የጎደለሽ በልክሽ የተሠራ ገበታ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወንድ ልጅሽ ሜትር ያምጣ። ወንበርሽ ላይ ትራስሽን አድርገሽ ተቀመጪ፣ ትከሻሽን ፍቺው፣ ክርንሽን እጠፊ። ከወለሉ እስከ ክርንሽ ድረስ ይለካ። ለአብዛኛው ሰው 70 እና 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። የሥራ ጠረጴዛሽ ከዚያ በላይ አይሁን። ቀጥሎ ከወለሉ እስከ ጉልበትሽ አናት ይለካ፤ ጠረጴዛው ሥር ጉልበትሽ ሳይነካ መግባት አለበት። ስለዚህ ገጹ ስስ ጣውላ ይሁን፣ ከሥሩ መሳቢያም ሆነ አግዳሚ እንጨት አይኑረው፣ በእግሮቹ መካከል ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይተው። ይህን የማርቆስ አናጺ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ቤት ያለ ጠረጴዛም ካለ እግሩን ማሳጠር ወይም ከሥሩ ማስደገፍ ይበቃል።

ይህን ጠረጴዛ የት እናድርገው? እኔን ብትጠይቂኝ ማድ ቤት ሳይሆን ዋናው ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር። የማድ ቤቱ ደፍ ይስተካከላል፣ እሱን እንነጋገርበታለን፤ ግን ሲሚንቶው እስኪመጣ ድረስ መቀመጥ የለብሽም። ጠረጴዛው ላይ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሶኬት አጠገብ ተቀምጦ ገመዱ በጎማሽ መንገድ እንዳያልፍ ግድግዳ ግድግዳውን ይያዝ። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት አይሁን፤ ጭሱ ሳይታይ ሰው ይገድላል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ የልጆቹ ቁርስ ከዚያ ጠረጴዛ ሊወጣ ይችላል። አማትሽ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያወሩሽ መዋል ይችላሉ።

ስለ ደፉ፦ የወንበር መውጫ ሲሠራ ልኩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ደፋችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መውጫው 180 ይሆናል። ግንበኛው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ 1 ሜትር ላይ ሊጨርሰው ይፈልግ ይሆናል፤ አትፍቀዱለት። ያን ዳገት ብቻሽን መግፋት አትችዪም፤ ስትወርጂም ወደ ፊት ይጥልሻል። ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ዳርና ዳሩ ጎማ እንዳይስት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ገጹም ሻካራ ይሁን። ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ምን እንደሚዘንብ ታውቂያለሽ፤ ሊሾ ተደርጎ ከተለሰነ ሐምሌ ላይ መንሸራተቻ ነው። ከቤት እስከ ማድ ቤት ያለውም መንገድ ጭቃ ከሆነ ጠጠር አታስደፉበት፣ የፊት ጎማዎቹ ይሰምጣሉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀራርቦ ቢነጠፍ ይሻላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩን ጠይቁት፤ እምቢ ካለ የሚነሣ የጣውላ መውጫ አለ፣ ጉዳት አያመጣበትም።

እንጀራውን በተመለከተ ደግሞ የምለው ላይስማማሽ ይችላል። ለጊዜው መጋገሩን ተዪው ባይ ነኝ። ከማድ ቤት ሥራ ሁሉ ረጅሙ፣ ሙቀት የሚበዛበትና እጅን አርቆ መዘርጋትን የሚጠይቀው እሱ ነው። ምጣዱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ማዶው ጠርዝ ላይ ሊጥ ለማዞር ወደ ፊት ማዘንበል አለብሽ። ስታዘነብዪ ሚዛንሽን ትጠብቂያለሽ? ሥሩ ደግሞ የጋለ ነውና ጉልበትሽን ወደ ውስጥ አስገብተሽ መቅረብ አትችዪም፤ በጎን መቅረብ ብቻ ነው ያለሽ። ብየዳ ቤት የምጣዱን ማስቀመጫ እግር ቆርጦ በክርንሽ ልክ ሊያወርደው ይችላል፣ በትንሽ ምጣድ የሚጋግሩም አሉ። ግን ሌላው ሥራ እጅሽ ላይ ከገባ በኋላ፣ ሰው አጠገብሽ ቆሞ የሚሞከር ይሁን። እስከዚያ ሊጡን ማቡካትና አብሲቱን መጣል የአንቺ ይሁን። እንጀራ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚያ ነው፤ ይህን የማታውቅ የጎጃም ሴት የለችም።

የሚጋግር ግን ማን ነው? ልጅሽ መሆን የለባትም፤ በዚህ ላይ ምንም አላመነታም። የ8ኛ ክፍል ፈተና አንዴ ካለፈ አለፈ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የምትነሣ ልጅ ምን ያህል እንደምትወድሽ ያሳያል፤ አንቺም ይህን እያየሽ እንቅልፍ አጥተሻል። ልጅቷን ብቻዋን ቁጭ አድርገሽ አመስግኛት፤ ከዚያ ከረቡዕ እንደምታርፍ ንገሪያት። «ጥፋት አጥፍቼ ነው?» ብላ እንዳትጨነቅ ምክንያቱን በግልጽ ንገሪያት፤ ስሚያትም፣ እሷም የምትለው ሊኖር ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ እናቷ አጠገቧ ሆና «ዓይኑ ወጥቷል፣ ክደኚው» እያለቻት ብትጋግር ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ሙያ መውረስ ነው።

የረቡዑን ለመሸፈን ወንፈልን አስቢ። ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ ዛሬ የእኔን ማሳ አብረን እናርማለን፣ ነገ ያንቺን። ማንም ለማንም አላዘነም፣ የተበደረ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። አንዲት የምታምኛት ጎረቤት ምረጪ። ሊጡ ካንቺ፣ መብራቱ ካንቺ፤ እሷ የራሷንና የአንቺን በአንድ ምጣድ ትጋግር። በምላሹ አንቺ የሷን በርበሬ ትቀነጥሺያለሽ፣ ምስርና ሽሮ እህሏን ትለቅሚያለሽ፣ ድልሁን ትቀምሚላታለሽ። ጥጥ የምትፈትዪ ከሆነ የጋቢ ድር ማግ ይወጣዋል። እነዚህ ሁሉ በመቀመጥ የሚሠሩ፣ ሴቶቻችን ጊዜ አጥተው የሚያሳድሯቸው ሥራዎች ናቸው። አክስቴ ዳንግላ ውስጥ ጉልበቷ ከታሰረ በኋላ ለአራት ቤት በርበሬ ትቀምም ነበር፤ እንጀራ ተጋግሮ የሚመጣላት ከነዚያው ቤቶች ነው። «ምጽዋት በልቼ አላውቅም» ትል ነበር፣ እውነቷንም ነው።

ሠራተኛ ስላልሽው፦ በየቀኑ አብራችሁ የምትኖር መቅጠር የመምህር ደመወዝ የሚችለው አይመስለኝም፤ ቢችልም አሁን የሚያስፈልግሽ ሌላ «ተቀመጪ» የምትልሽ ሰው አይደለችም። በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ተመላላሽ ብትኖር ግን ጥሩ ነው። ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ከባድ ከባዱን ለሷ ተዪላት። ሥራውን የምታዢው ግን አንቺ ሁኚ፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ግልጽ አድርጉት።

ቀላሉን ልብስ ለማጠብ ሳፋው መሬት ላይ ሳይሆን በርጩማ ወይም ጠንካራ ሣጥን ላይ፣ ከጉልበትሽ በታች በሆነ ቁመት ይቀመጥ። ሞልተሽ አትድፊው፣ በጆግ ጨምሪ፣ በጆግ ቅጂ። የማስጫው ገመድ በትከሻሽ ልክ ይውረድ። ውኃውም እንዲሁ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ አትንኪው። ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል በድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ባለቤትሽ ጠዋት ይሙላው፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ በሦስት ሊትር ዕቃ ትቀጃለሽ። ዘንቢል ስታንጠለጥዪ ከወንበሩ ጀርባ ከባድ ነገር አታድርጊ፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይገለብጥሻል። ወለል የምትወለውዪ ከሆነ ከጥጉ ጀምረሽ ወደ በሩ ውጪ፤ ያለዚያ የወለወልሽውን መልሰሽ በጎማሽ ታቆሽሺዋለሽ።

ሥራ ሲጥም ሰዓት ይረሳል፤ አንቺ ግን ሰውነትሽን መርሳት የለብሽም። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው እጆችሽን ወንበሩ ላይ ተክለሽ መቀመጫሽን አንሺ፣ ወይም ወደ ጎን ተዘንበዪ። ማታ ማታ መቀመጫሽን፣ ዳሌሽን፣ ተረከዝሽን በመስታወት እዪ፤ የቀላ ቦታ ተነክቶ ቅላቱ ካልለቀቀ እስኪለቅ ድረስ እዚያ ላይ አትቀመጪ። የግፊት ቁስል ከማንኛውም ሥራ በላይ ለወራት አልጋ ላይ ያስቀምጣል። ሽንት ቤት መሄዱ አስቸግሮኛል ብለሽም ውኃ አትቀንሺ፤ ብዙዎች ያደርጉታል፣ ኩላሊት ይጎዳል። መንገዱ ሲመች ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሄደሽ ወንበሩ ለቁመናሽ ልክ መሆኑን አሳዪ፤ ትራሱም ተገቢው ዓይነት መሆን አለበት። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከወንበር ወደ በርጩማ መሻገርን የሚያለማምዱ ባለሙያዎች ማግኘት ለአንቺ ከምጣድ በላይ ነው።

አማትሽን አስቤያቸዋለሁ። በእርጅናቸው ቢቸና ያለውን ቤታቸውን ዘግተው የመጡት ሊጠቅሙ ነው። ቢላውን ከእጅሽ የሚወስዱት ምናልባት አንቺ መሥራት ከጀመርሽ እሳቸው እዚህ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ስለማይታያቸው ይሆን? ላይሆንም ይችላል፤ አንቺ ትቀርቢያቸዋለሽ። «ተውኝ» ከማለት ይልቅ እገዛ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። ዛሬ ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍ፣ እርስዎ ድስቱን ጣዱልኝ፤ ቁሌቱን አብረን እናየዋለን።» ቢላውን ቢወስዱብሽም ሳትቆጪ መልሰሽ ተቀበያቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ጊዜ መቀበል ሊኖርብሽ ይችላል።

ባለቤትሽ በሩን ዘግቶ ማጠቡ ልቤን ነክቶኛል። የሰው ዓይን ይፈራል፣ ግን ያጥባል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሳፈር አይገባም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ቅዳሜ በቀን፣ ግቢ ውስጥ፣ አብራችሁ እጠቡ። አንቺ ከሳፋው፣ እሱ ከገመዱ። ጎረቤት የመጀመሪያውን ቀን ያያል፣ ሁለተኛውን ቀን ያወራል፣ ሦስተኛውን ቀን የራሱ ሥራ አለበት። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ የ10 ዓመቱን ልጅሽን በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ሥራ ሲሠራ አላየሁትም። ሴት ልጅሽ በሌሊት ስትነሣ እሱ ተኝቷል ማለት ነው? ሳህን ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ ከበርሜሉ ውኃ መቅዳት ለዕድሜው የሚከብድ አይደለም። አባቱ በቀን ሲያጥብ ካየ ደግሞ እንደ ውርደት አይቆጥረውም።

አሁን ኅዳር 21። ተራሽን አታሳልፊ። ይህን የምለው ሥራው ቀላል ነው ብዬ አይደለም፤ ዘንድሮም ካለፈ ከርሞ የሚጠይቅሽ ሰው እንዳይጠፋ ስለምሰጋ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ዝግጅቱ የጾም ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ ማንጠር የለ፣ ዶሮ መገነጣጠል የለ። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ዳቦና ጠላ ለ12 ሰው። በዚህ ሳምንት ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢዋ፣ በራስሽ ስልክ ደውዪ፤ በባለቤትሽ ወይም በአማትሽ አትላኪ። «ዘንድሮ ጽዋው እኔ ቤት ነው፣ ሁለት እህቶች ከዋዜማው ይምጡልኝ» በዪ። ለድግስ ከዋዜማ ሰው መጥራት ጤነኛዋም የምታደርገው ነው፤ የተለየ ውለታ አልጠየቅሽም።

ጠላው ቀድሞ ይጠመቅ፤ ጋኑን የሚያነሡ ሌሎች፣ ጌሾና ብቅሉን የምትመጥኚው አንቺ። ጎመኑና ሽንኩርቱ 20 ማታ በአዲሱ ጠረጴዛ ላይ ይከተፍ። ዳቦው ለአማትሽ፣ እንጀራው ለወንፈሏ ጎረቤት። 21 ቀን ጠዋት ለመልፋት አትሞክሪ፤ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ፣ እንግዳ የምትቀበዪበት ቦታ ተቀመጪ። ቡናውን ግን አንቺ አፍዪው። ረከቦቱ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ከሰሉ በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት፣ በማይንቀሳቀስ ብረት ላይ ይቀመጥና ጀበናውን ልጅሽ ከእሳቱ አንሥታ ረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጥልሽ። ከዚያ መቅዳቱ የአንቺ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልቀር፦ ቄጤማ። ቤቱን ሙሉ ከጎዘጎዙት ሣሩ የፊት ጎማዎችሽ ውስጥ ይጠመጠምና እንግዳ ፊት መሀል ቤት ላይ ያቆምሻል። ግድግዳውን ተከትሎና ረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ይጎዝጎዝ፤ ከበሩ እስከ ቡናው ድረስ አንድ ሜትር መንገድ ንጹሕ ይተዉልሽ። የሚጎዘጉዙት ልጆቹ ናቸውና ከወዲሁ መንገዱን በጠመኔ አሳዪያቸው።